የሚንግ ነገሥታትን መቃብር ከደቡብ ጀምሩ
ቤይጂንግ አጠገብ ያሉትን 13ቱን የሚንግ ነገሥታት መቃብሮች ስትጎበኙ፣ ሐውልት የተሰለፈበትን «የተቀደሰ መንገድ» ለመጨረሻ አታቆዩት። ከመቃብሮቹ መልስ በሰሜን በኩል የገባ ሰው ንድፉን ከጅራቱ ያነብበዋል። በደቡቡ በር ግቡ፤ መንገዱ የታሰበው ለዚያ አቅጣጫ ነው። መጀመሪያ የድንጋይ ኤሊ በጀርባው ያዘለው ትልቅ ጽላት፣ ቀጥሎ 24 እንስሳት (ከግመሎቹ ሁለቱ ተንበርክከዋል፣ ሁለቱ ቆመዋል)፣ ከዚያ 12 ሹማምንት ይመጣሉ፤ ተራራውም ፊት ለፊት ነው። እኩለ ቀን አካባቢ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለምትሆን ፎቶግራፍ አይበላሽም።

ከመቃብሮቹ አንዱ ወደሆነው ወደ ዲንግሊንግ የምድር ውስጥ አዳራሾች ለመውረድ በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን ሹራብ ያዙ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን ደረጃውን ይተወው። የሌላው መቃብር፣ የቻንግሊንግ፣ ባለ 60 ምሰሶ የእንጨት አዳራሽ ከምድር በላይ ነው፤ ለእኔ ከጉድጓዱ ይበልጣል።