ከራስዎ ጋር ሲነጋገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልማዱን ለመለወጥ የተነሳ ሰው ለራሱ የሚላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳሉ። ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያሰናክሉት የሚከተሉት ናቸው።

ድርጊትን ጠባይ ማድረግ

«ፈተናውን ወደቅኩ» እና «እኔ ሰነፍ ነኝ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቀንና ምክንያት ስላለው ይታረማል። ሁለተኛው ግን መያዣ የለውም፤ ሰነፍ መሆኑን ያመነ ሰው ለምን ብሎ ያጠናል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማርቲን ሴሊግማን እንደሚለው፣ ችግርን የማያልፍ፣ ሁሉን የሚነካና የራስ ጥፋት ብቻ አድርጎ ማስረዳት ከተስፋ መቁረጥ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ለማረም መጀመሪያ ያሉትን እንደወረደ ይጻፉት። ከዚያ «ሁልጊዜ» የሚለውን በቀን፣ «ምንም ነገር» የሚለውን በአንድ ጉዳይ ይተኩት። «ሁልጊዜ አረፍዳለሁ» የሚለው «ሰኞና ሐሙስ አረፈድኩ፤ ሁለቱንም ቀን የተኛሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነው» ይሆናል። አሁን የሚስተካከለው ታወቀ፤ የመኝታ ሰዓቱ ነው። ልጃቸውን በእንግዳ ፊት «ይሄ እንኳ ቀልብ የለውም» የሚሉ ወላጆችም ይህንኑ ስህተት ይሠራሉ፤ ልጁ ቃሉን ተቀብሎ ያድጋል።

ያላመኑበትን ውዳሴ መደጋገም

መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ድንቅ ነኝ» ማለት በየቦታው ይመከራል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ግን፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ሲደጋግሙ ስሜታቸው ከፋ። አፍ ሲያሞግስ ልብ ማስተባበያ ይቆጥራልና። በምትኩ ሊምሉበት የሚችሉትን ይናገሩ፦ «ዛሬ 2 ገጽ አንብቤያለሁ።» ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን የሚከራከረው የለም።

«ተከልክያለሁ» ማለት

ድግስ ላይ «ሐኪም ከልክሎኛል» ያለ ሰው ለድርድር በር ከፍቷል፤ «አንድ ብርጭቆ ምን አላት፣ በሞቴ!» ይከተላል። «አልጠጣም» የሚለው ግን የራስ ውሳኔ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የሸማቾች ጥናትም «አልችልም» ከማለት ይልቅ «አላደርግም» ማለት ፈተናን ለመቋቋም እንደሚረዳ አሳይቷል። ጋባዡ እንዳይቀየም ወዲያው ሌላ ነገር ይጠይቁ፦ «አልጠጣም፤ ውሃ ግን ደስ ይለኛል።»

ራስን ከድርጊቱ ማውጣት

«እንቅልፍ ጣለኝ»፣ «ሰዓቱ ሄደብኝ»፣ «ስፖርቱ ቀረብኝ»። አማርኛችን ለዚህ ይመቻል፤ በጨዋታ መካከል ምንም ነውር የለበትም፣ የሰው አነጋገር እየለቀሙ ማረም ራሱ አሰልቺ ነው። የልማድ መከታተያ ደብተርዎ ላይ ግን የድርጊቱ ባለቤት እርስዎ ይሁኑ፦ «ማንቂያውን አጥፍቼ ተኛሁ።» እንዲህ ሲጻፍ ስልኩን ከአልጋ ማራቅ እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይታያል።

«እሞክራለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ»

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለው አቀራረብ ከደፈናው ምኞት ይሻላል። ለምሳሌ፦ «የጠዋት ቡናዬን ጨርሼ ሲኒውን ሳስቀምጥ፣ 10 ደቂቃ እንግሊዝኛ አነባለሁ።» ዕቅዱ የሚበላሸው ምልክቱ፣ ማለትም «እንዲህ ሲሆን» የሚለው ክፍል፣ ሲደበዝዝ ነው፤ «ጊዜ ሳገኝ» ምልክት አይሆንም፣ በዓይን የሚታይ ወይም በእጅ የሚነካ ነገር ይምረጡ። በአንድ ጊዜ አምስት ዕቅድ ማውጣትም አይበጅም። አንዱ ሳይታሰብ መሠራት ሲጀምር ሌላውን ይጨምሩ።

በጭንቀት ሰዓት «እኔ፣ እኔ» ማለት

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት ራሳቸውን በስም ወይም «አንተ»፣ «አንቺ» ብለው ያናገሩ ሰዎች ጭንቀታቸው ቀንሷል። ወዳጅን እንደሚያማክሩት አድርገው ይናገሩ፤ በስም ጠርቶ መቆጣትማ ስድብ ነው።

ሁሉንም በቃል ለማከም መሞከር

ሐዘኑ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን እየያዘ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ዓረፍተ ነገር ማስተካከሉን ትተው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። የሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ 2 ሳምንቱን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ተናግረው አብረው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።