ጣና ላይ ሙዮን መቁጠር፦ ሁለት ቱቦና አንድ ጀልባ

ሁለት የጋይገር ቱቦ (ጨረር ሲያልፍበት የሚጮህ መቁጠሪያ) ከነቮልት ማሳደጊያው፣ አንድ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ አንድ ፓወር ባንክ። ባሕር ዳር ላይ ፓርቲክል ፊዚክስ ለመጀመር ይሄ ይበቃችኋል። ከጠፈር የመጣ ፕሮቶን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ይጋጫል፤ ከግጭቱ ፓዮን የሚባሉ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ቅንጣቶች ይወጣሉ፣ ፓዮኖቹ ሙዮን ይሆናሉ (ሙዮን ኤሌክትሮንን የሚመስል ግን ከእሱ የሚከብድ ቅንጣት ነው)፣ እንዲህ እየተባዛ አንዱ ቅንጣት ዶፍ ሆኖ ይወርዳል። በባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ አንድ ሙዮን ገደማ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ትንሽ ይበዛልናል።

ችግሩ ጋይገር ሁሉንም ይቆጥራል። ከብሎኬቱም፣ ከአፈሩም፣ ከድንጋዩም የሚወጣ ጨረር ያስጮኸዋል። ስለዚህ ቱቦዎቹን አግድም፣ አንዱን ከሌላው በላይ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት እሰሯቸው። አርዱዊኖው ሁለቱ እኩል የጮሁበትን ለብቻ እንዲቆጥር አድርጉት፣ ይሄን ቁጥር ጥምሩ እንበለው፤ እኩል ማለት በ100 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ነው። ሙዮን ሁለቱንም በስቶ ያልፋል፣ የድንጋዩ ጋማ ጨረር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚነካው። ቱቦው 400 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ፣ እባካችሁ፣ ሳታጠፉ ሽቦውን እንዳትነኩ።

አሁን ወደ ሐይቁ። መጀመሪያ ዳር ላይ፣ መሬት ላይ አስቀምጡትና አንድ ሰዓት ቁጠሩ። የአንዱን ቱቦ ቁጥርና የጥምሩን ለየብቻ ጻፉ። ከዚያ በሞተር ጀልባ ራቅ ብላችሁ ያንኑ ድገሙ። በታንኳ አትሞክሩት፣ ደንገሉ ውሃ ያስገባል። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል።

ከሥራችሁ ያለው ውሃ የመሬቱን ጋማ ስለሚያግደው የአንዱ ቱቦ ቁጥር ይወርዳል። ጥምሩ ግን እዚያው አካባቢ ይቆያል። እኔ ከዚህ ሙከራ የምወደው ይቺን ነው፤ ሐይቁ የመሬቱን ከሰማዩ ይለይላችኋል። ግን ጥምሩ ዳር ላይ 107፣ ጀልባ ላይ 98 ቢሆን ልዩነት አገኘን እንዳትሉ፦ 100 ስትቆጥሩ የሚጠበቀው መዋዠቅ 10 ነው፣ ወደ 1 በመቶ ለማውረድ 10,000 መቁጠር አለባችሁ። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶሜኒኮ ፓቺኒም እ.ኤ.አ. በ1911 ሊቮርኖ አጠገብ የጨረር መለኪያውን 3 ሜትር ባሕር ውስጥ አጥልቆ ጨረሩ 20 በመቶ ያህል ሲቀንስ አይቷል፤ በዓመቱ ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጨረሩ ከላይ እንደሚመጣ አሳየ።

የምትቆጥሯት ሙዮን የዶፉ አንዲት ጠብታ ናት። ዶፉን ራሱን ለመያዝ ሰፋፊ መቁጠሪያዎች ተራርቀው አንድ ላይ መጮህ አለባቸው። አርጀንቲና ያለው የፒየር ኦዤ ጣቢያ ለዚህ ብሎ ከ1,600 በላይ ጋን፣ እያንዳንዳቸው 12 ቶን ውሃ የሚይዙ፣ በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ደርድሯል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣናን ያህላል ማለት ነው።