አሸዋን ከማሰሮ አፈር ጋር ሲቀላቅሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በረንዳ ላይ የተቀመጠ ተክል ሥሩ በስብሶ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ከጎረቤት የሚመጣው ምክር የታወቀ ነው፦ «አሸዋ ጨምሪበት»። ምክሩ መሠረት አለው። ግን የትኛው አሸዋ፣ ስንት እጅ፣ ከምን ዓይነት አፈር ጋር የሚለው ካልታከለበት ተክሉን ከማዳን ይልቅ ሞቱን ያፋጥናል።

ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዋልካ የሚለጠፍ የሸክላ አፈር ነው፤ የሸክላ ቅንጣት ደግሞ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል። የአሸዋ ቅንጣት ግን ከ0.05 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አንድ ባልዲ ዋልካ ላይ ሁለት ጣሳ አሸዋ ሲገባ የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ አይነካኩም፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያዋን በጭቃ ተከባ ትቀመጣለች። አየርና ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት የሚገኘው ደግሞ አሸዋ ከአሸዋ ተደጋግፎ መሃሉ ባዶ ሲቀር ብቻ ነው። እዚያ እስኪደረስ ድረስ የገባው አሸዋ ቦታ ይይዛል እንጂ ቦታ አይከፍትም። ድብልቁ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ይለጠፋል።

ዋልካን በአሸዋ ብቻ ለማላላት አሸዋው ከድብልቁ ከግማሽ በላይ መሆን አለበት። ያኔ ማሰሮው ከባድ፣ አፈሩም ተክል የሚመገበው የሌለበት ይሆናል። ስለዚህ ለማሰሮ ዋልካን መተው ይሻላል፤ ሌላ አፈር ካልተገኘ የሚያላላው በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ ነው። ኮምፖስት ደቃቁን አፈር አያይዞ እንደ ፍርፋሪ ያደርገዋል፤ ይህን ደግሞ አሸዋ አይችልም።

ቀይ አፈር ላለው ሰው በብዙ ችግኝ ጣቢያ የሚሠራበት ልክ ጥሩ መነሻ ነው፦ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። በጣሳ ከተለካ 9፣ 6 እና 3 ማለት ነው። ለእሬት፣ ለቁልቋልና ውሃ ለማይወዱ ተክሎች 1 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ኮምፖስትና 2 እጅ ሻካራ አሸዋ ይስማማል። የጥብስ ቅጠል በሁለቱ መካከል ነው፤ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ኮምፖስትና 2 እጅ አሸዋ ይበቃዋል።

በውጭ አገር በከረጢት የሚሸጠውን ዝግጁ የማሰሮ አፈር የሚጠቀሙ ሰዎች ስህተታቸው የተገላቢጦሽ ነው። ያ አፈር በአብዛኛው ፒት ከሚባለው የረግረግ ዕፅዋት ብስባሽ ወይም ከኮኮናት ልጣጭ የሚዘጋጅ፣ አስቀድሞ አየር የሞላበት ነው። ደቃቅ አሸዋ ሲጨመርበት ክፍተቶቹ ውስጥ ገብቶ ይደፍናቸዋል።

የልስን አሸዋ መጠቀም

ለልስን የሚነፋው ደቃቅ አሸዋ ለግድግዳ እንጂ ለሥር አይሆንም። እጅ ላይ ሲታሽ የሚቆረቁር፣ ቅንጣቱ አንድ በአንድ የሚታይ አሸዋ ይፈልጉ። ሻካራውን ለመለየት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ባለው ወንፊት ይንፉት፤ ለመስኮት የሚሆነው የትንኝ መከላከያ ሽቦ መረብም ይሠራል። ያለፈውን ትተው ላይ የቀረውን ይውሰዱ፤ ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ጠጠር ይልቀሙ። የቀረው አሸዋ ከመባል ይልቅ ደቃቅ ጠጠር ቢባል ይቀላል፤ የሚፈለገውም እሱው ነው።

ቀጥሎ ደለሉን ይፈትሹ። ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ሞልተው ውሃ ይጨምሩበት፣ በኃይል ይወዝውዙትና ለአንድ ሰዓት ሳይነካ ይተዉት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደለሉ ከላይ የተለየ ሽፋን ሆኖ ይታያል። 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ደለል ካለ የሚደፋው ውሃ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ደጋግመው ይጠቡት። ሳይታጠብ ከገባ ውሃ በጠጣ ቁጥር ደለሉ ወደ ታች እየወረደ የማሰሮውን ቀዳዳ ይደፍናል።

ምንጩን አለመጠየቅ

ከግንባታ ቦታ የተረፈ አሸዋ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ሊኖርበት ይችላል። ጥቂት አሸዋ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉ፤ አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበትና የአፈሩን ኮምጣጣነት ያጠፋል። የቡና ችግኝ ለዚህ ፈጽሞ አይመችም፤ እሱ የሚወደው ኮምጣጣ አፈር ነው። እንደ አብያታና ሻላ ካሉ ጨዋማ ሐይቆች ዳርቻ የተዛቀ አሸዋም፣ የባሕር ዳርቻ አሸዋም ጨው ይዞ ይመጣል። ጨው ያለበት ማሰሮ ምልክቱ ከቅጠሉ ጫፍ ይጀምራል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ጫፉ እየነደደ ይደርቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የበረሃውን አሸዋ በነፃ ስላገኙት ብቻ አይጠቀሙበት፤ ነፋስ ያሸው አሸዋ ድቡልቡልና ደቃቅ ነው፣ ተጠጋግቶም ይቀመጣል።

ጎመን፣ ቆስጣ ወይም በሶብላ ለሚተክል ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ እንደ አቃቂ ካሉ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባባቸው ወንዞች አሸዋ አያውጡ። እዚያ ያለው የከባድ ብረት ብክለት በማጠብ የሚለቅ አይደለም።

ማሰሮው ሥር አሸዋ ማንጠፍ

«ውሃው ቶሎ እንዲወርድ» ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ንጣፍ በቀላሉ አይሻገርም፤ በላዩ ያለው አፈር ጠግቦ እስኪሞላ ድረስ እዚያው ተይዞ ይቆያል። እያንዳንዱ ማሰሮ ከታች በኩል ሁልጊዜ የሚረጥብ ክፍል አለው፤ ንጣፉ ይህን ክፍል አያጠፋውም፣ ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ማሰሮ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ከተነጠፈ ለሥሩ የሚቀረው 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የረጠበው ክፍልም ከዚያው ይቀነሳል። ቀዳዳው ላይ አንዲት ገል ወይም ቁራጭ መረብ ማስቀመጥ በቂ ነው። ማሰሮውን ከታች እስከ ላይ በአንድ ዓይነት ድብልቅ ይሙሉት።

ደረቅ አሸዋ ማደባለቅ፣ እርጥቡን ደግሞ እንደ ደረቅ መለካት

ደረቅ አሸዋ በአካፋ ሲገለበጥ ከኮምፖስቱ ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሁሉንም በትንሹ አርጥበው ያዋህዱ። ይሁን እንጂ እርጥብ አሸዋ አብጦ ብዙ ቦታ እንደሚይዝ አይርሱ፤ ይህን ግንበኞች በደንብ ያውቁታል። አንድ ጣሳ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ያለው ትክክለኛ አሸዋ ከደረቁ በአንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ደረቁን ለክተው፣ ከዚያ አርጥበው ይቀላቅሉ።

ክብደቱን መርሳት

አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 20 ሊትር የሚይዝ ማሰሮ ግማሹ አሸዋ ከሆነ አሸዋው ብቻ 16 ኪሎ ነው፤ ውሃው ገና አልተቆጠረም። ለፎቅ በረንዳ ወይም ለተንጠልጣይ ማሰሮ ከአሸዋ ይልቅ የግንባታ ሰዎች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ወይም ፓሚስ የሚባለውን ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሰባብረው ቢጠቀሙ ይሻላል። ሁለቱም ቀዳዳ ስላላቸው ቀላል ናቸው፤ ውሃ ለማሳለፍም ከአሸዋ ይበልጣሉ። ነፋስ ለሚጥለው ረጅም ቁልቋል ግን የአሸዋው ክብደት ራሱ ጥቅም ነው።

የውሃና የማዳበሪያ ልማድን አለመቀየር

አሸዋ ምግብ የለውም፤ የተሰጠውንም አይዝም። ዩሪያ በአንድ ጊዜ በብዛት ከተሰጠ ከውሃው ጋር በታች ወጥቶ ይሄዳል፤ በጥቂቱ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። ላዩም ቶሎ ስለሚደርቅ ያታልላል። ጣትዎን 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር አስገብተው ካልደረቀ ውሃ አይጨምሩ።

ቁራጭ ያበቀለበት አሸዋ ላይ ተክሉን ማቆየት

የጥብስ ቅጠል ወይም ጄራኒየም ቁራጭ ለማብቀል የታጠበ ሻካራ አሸዋ ብቻውን በጣም ጥሩ ነው፤ አየር አለው፣ የሚያበሰብስ ነገርም የለውም። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አርግፈው፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ይትከሉትና ጥላ ላይ ያስቀምጡት። በቀስታ ሲስቡት የሚቃወምዎ ከሆነ ሥር ይዟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአሸዋው ውስጥ ማቆየት ማስራብ ነው፤ ሥሩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ኮምፖስት ወዳለበት ድብልቅ ያዛውሩት።