ከውኃ ውስጥ ዋሻ ቆሻሻ እንዴት ይወጣል? ኦልሙን ሳናስቀይም

የስሎቬኒያ፣ የክሮኤሺያና የቦስኒያ ገጠር ከላይ ሲያዩት ሣር በሣር ነው። ከሥሩ ግን ወንፊት ነው። የኖራ ድንጋዩ በዝናብ ውኃ እየሟሟ እልፍ ዘመን ስለኖረ ሆዱ ባዶ ነው፤ ወንዝ ሜዳ ላይ ሲፈስ ቆይቶ ድንገት መሬት ውስጥ ይሰምጥና ሌላ ቦታ፣ ሌላ ስም ይዞ ብቅ ይላል። የስሎቬኒያን ዋና ከተማ ልዩብልያናን የሚያቋርጠው ወንዝ እንዲህ እየጠፋ እየወጣ 7 ስም አውጥቷል። ስሎቬኒያ ብቻዋን የመዘገበችው ዋሻ ከ14 ሺህ በላይ ነው።

እንግዲህ የቆሻሻ መኪና በማይመጣበት ዘመን፣ ከቤቱ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ይጥልበታላ። የሞተች በግ፣ የተበላሸ ፍሪጅ፣ ጎማ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የቀለም ቆርቆሮ። ጉድጓዱ አይሞላም፣ አይሸትም፣ ማንም አያይም። እኛም ወንዝ ዳር የምንደፋ ሰዎች ነንና ለመፍረድ አልቸኩልም። ችግሩ ጉድጓዱ ታች ውኃ አለ፤ ውኃው ውስጥ ደግሞ ኦልም አለ።

ኦልም እንሽላሊት ይመስላል እንጂ የእንቁራሪት የሩቅ ዘመድ ነው። ርዝመቱ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዓይኑ በቆዳ ተሸፍኗል፣ አያይም። የፊት እግሩ 3 ጣት፣ የኋላው 2 ጣት አለው። አንገቱ ግራና ቀኝ ላይ ቀይ ላባ የመሰለ ስንጥብ አለ፣ በእሱ ይተነፍሳል። ቆዳው የፈረንጅ ገላ ስለሚመስል አገሬው “የሰው ዓሣ” ይለዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጎርፍ አውጥቶት ያዩት ሰዎች የዘንዶ ልጅ ነው ብለው ነበር።

ስለ አኗኗሩ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ከታች የምለው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው። ኦልም አይቸኩልም። አማካይ ዕድሜው 70 ዓመት ገደማ ነው። ሴቷ እንቁላል የምትጥለው በአማካይ በ12 ዓመት ከመንፈቅ አንዴ ነው። ሳይበላ ዓመታት ይቆያል። ቦስኒያ ውስጥ፣ ምሥራቅ ሄርዞጎቪና በሚባለው አካባቢ፣ ጠላቂዎች ምልክት እያደረጉ ሲከታተሉ አንዱ ኦልም ከ7 ዓመት በላይ፣ በትክክል ለ2,569 ቀናት፣ ከዚያው ቦታ ንቅንቅ ሳይል ተገኝቷል። ቤቱ ያቺ ድንጋይ ሥር ናት። ደለሉን ብታደፈርሱበት ወይም ዘይት ብትደፉበት “ይቅርብኝ” ብሎ ሰፈር አይቀይርም።

ስለዚህ ቆሻሻው 40 ዓመት ተቀምጦ ከሆነ አንድ ወር ቢጨምር ምንም አይደለም። በጥድፊያ የሚደረግ ጽዳት ግን ከቆሻሻው ብሶ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ይዘን እንግባ።

ውኃው ወዴት እንደሚሄድ እወቁ

ባሌ ሄዶ ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ወይብ ወንዝ አለቱ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። እዚያ ባልካን ውስጥም የአንድ ጉድጓድ ውኃ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሌላ መንደር የመጠጥ ምንጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የውኃ ባለሙያዎች ይህን የሚያውቁት ጉዳት የሌለው አረንጓዴ ቀለም ጉድጓዱ ውስጥ ለቅቀው በየምንጩ እየጠበቁ ነው። በአሸዋና በአፈር ውስጥ የሚያልፍ ውኃ እየተጣራ ይሄዳል። ዋሻ ውስጥ ግን ቧንቧ ውስጥ እንደመሄድ ነው፣ የገባው ሁሉ እንደገባ ይወጣል።

ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያመጣ ደቡብ ምሥራቅ ስሎቬኒያ ውስጥ ያለው የክሩፓ ወንዝ ይመስክር። ፒሲቢ የሚባለው የፋብሪካ ኬሚካል የያዘ ቆሻሻ አካባቢው መሬት ላይ ሲጣል ኖሮ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ምንጩ መበከሉ ታወቀ። ከዓመታት በኋላ እዚያ የተገኙ ኦልሞች ሲመረመሩ ኬሚካሉ ሰውነታቸው ውስጥ ነበር። 70 ዓመት የሚኖር እንስሳ መርዙንም የሚያጠራቅመው ለዚያው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ከጉድጓዱ በታች የመጠጥ ውኃ የሚቀዳ መንደር ካለ የጽዳቱን ቀን ቀድማችሁ ንገሩ። ውኃው ቢደፈርስ የሚደነግጡት እነሱ ናቸው።

ጠላቂ ካልሆናችሁ ሥራችሁ ይኼ ነው

ብዙ ሰው ጽዳት ሲባል መነጽር አጥልቆ መጥለቅ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሥራ ደረቅ መሬት ላይ ነው።

አንደኛ፣ ጥቆማ። ቆሻሻ ያለበት ጉድጓድ ካያችሁ በስልካችሁ ቦታውን ያዙ፣ ከአፉ ላይ ፎቶ አንሱ፣ ቆሻሻው አሮጌ ይሁን ትናንት የተጣለ ጻፉ። ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ለማየት አትንጠልጠሉ፣ ሣሩ ሥር ባዶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለአካባቢው የዋሻ አሳሾች ክበብ ስጡ። ክሮኤሺያ ውስጥ “ንጹሕ ከርሰ ምድር” የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዘው የተበከሉ ዋሻዎችን ካርታ ላይ የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ፤ የእናንተ ፎቶ እዚያ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። ስሎቬኒያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋሻን የሚጠብቅ ለብቻው የወጣ ሕግ አላት፤ ኦልምም በሕግ የተጠበቀ ነው። “በጎ ሥራ ነው፣ ማን ምን ይለኛል” ብሎ ዘው ማለት አይሠራም። ማዘጋጃ ቤቱን፣ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱንና የመሬቱን ባለቤት ጠይቁ። ቆሻሻውን የሚቀበላችሁ ቦታም ከአሁኑ ይታወቅ፤ ሁለት መኪና ሙሉ የረጠበ ዝገት አውጥቶ የሚወስደው ማጣት የሚያሳፍር ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ምንጩን ማድረቅ። ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ዛሬ አጽድታችሁ ነገ እንደገና ከተጣለ ኦልሙን ሁለት ጊዜ በጠበጣችሁት። መንደሩ ግቡ፣ ቡና ጠጡ (ራኪያ የሚባል አረቄያቸውን ይቀዱላችኋል፣ እሱን በልክ)፣ ሽማግሌዎቹን “ድሮ ምን ይጣል ነበር?” በሉ። ማንም እንዳልተከሰሰ ሲገባቸው ያወራሉ። እዚህ በግ፣ እዚያ ማዶ የፀረ ተባይ በርሜል እያሉ። ይህ ወሬ ለጠላቂው ወርቅ ነው፤ ታች ወርዶ በእጁ ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ጊዜውን ምረጡ

ዝናብ የጣለ ሰሞን አይሞከርም። ውኃው በሰዓታት ውስጥ ሜትሮች ከፍ ሊል ይችላል። ውኃ የሚጎድልበት የአውሮፓ ሞቃት ወራት መጨረሻ ይሻላል፣ ግን ጉድጓዱ ውስጥ የሌሊት ወፍ ካለ ነገሩ ይወሳሰባል። የብርዱን ወራት ሙሉ ተኝተው ያሳልፋሉ፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ግልገል ያሳድጋሉ። የሌሊት ወፍ የሚያውቅ ሰው አምጥታችሁ ቀኑን እሱ ይቁረጥ።

በዚያው የሥነ ሕይወት ባለሙያው ውኃ ይቅዳ። አሁን አሁን ኦልም መኖሩን ለማወቅ ማየት ግድ አይደለም። ከቆዳው የረገፈ ዘረመል ውኃው ውስጥ ስለሚቀር አንድ ጠርሙስ ውኃ ላቦራቶሪ ሄዶ “አለ” ወይም “አልተገኘም” ይላል። “አልተገኘም” ማለት ግን “የለም” ማለት አይደለም፤ እንዳለ ቆጥራችሁ ሥሩ።

ዕቃውን እጠቡ

ሳላማንደሮችን (ኦልም የሚመደብበትን ወገን) የሚፈጅ የቆዳ ፈንገስ አውሮፓ ውስጥ አለ። ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው በረጠበ ቦቲና በዋና ልብስ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ውኃ ውስጥ የገባ ዕቃ ሁሉ ጭቃው ይታጠባል፣ በፀረ ተዋሲያን ይነከራል፣ በደንብ ይታጠባል፣ እስኪደርቅ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ከዋሻው ርቆ ነው የሚደረገው፤ በረኪናውን ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚደፋ ሰው ካያችሁ ወደ ቤቱ ሸኙት።

ውኃው ውስጥ

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ባሕር ላይ የመጥለቅ ፈቃድ ዋሻ አያስገባም። ዋሻ ውስጥ ጭንቅ ሲመጣ ወደ ላይ መውጣት የለም፣ ከላይ አለት ነው። የዋሻ ጠላቂዎች ከክፍት ውኃ ጀምሮ የማይቋረጥ ገመድ እየዘረጉ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ቢያንስ 3 መብራት ይይዛል። አየሩ ለሦስት ይከፈላል፦ ሲሶው ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመውጫ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። ዕቃ እየተሸከሙ ሲሆን ደግሞ ከዚህም አጥብቀው ይቆጥባሉ፤ ሥራ ትንፋሽ ይበላል።

ከአየር ቀጥሎ ጠላቱ ደለል ነው። እንደ ዱቄት የላመ ነው። አንድ የእግር ምት ከነካው የእጃችሁን መዳፍ ማየት አትችሉም፣ ለመጥራትም ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ እግር ወደ ታች አይመታም፤ ጉልበት ታጥፎ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ነው። የምትተነፍሱት አረፋ እንኳ ጣሪያው ላይ ያለውን ጭቃ ያራግፈዋል።

እስቲ አንድ ጠርሙስ እናውጣ። የቢራ ጠርሙስ ነው፣ ግማሹ ደለል ውስጥ ተቀብሯል። ጠላቂው መጀመሪያ አይነካውም። መብራቱን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን ያያል። አንገቱ ላይ ነጭ ቀጭን ቱቦዎች ተጣብቀዋል? ዋሻ ውስጥ በጨው አልባ ውኃ የሚኖር ትል አለ፣ ማሪፉጊያ ይሉታል፣ የኖራ ቱቦ ሠርቶ ጠንካራ ነገር ላይ ይለጠፋል። ካለ ጠርሙሱ ፎቶ ይነሣና ባለሙያው እስኪወስን እዚያው ይቆያል። ከሌለ ቀስ ብሎ በሁለት ጣት አንገቱን ይይዛል፣ ሳይነቀንቅ ወደ ላይ ሳይሆን በተኛበት አቅጣጫ ይስበዋል፣ ደለሉ ራሱ ቀዳዳውን እንዲሞላ ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያ እዚያው ሆኖ አፉን ወደ ታች ያዘነብለዋል። ለምን? የዋሻ ሽሪምፕ ብርጭቆ ውስጥ ገብታ ትኖራለች። ብርሃን የመሰለች፣ ዓይን የሌላት፣ የጥፍር ያህል ነገር ናት። ስትወጣ ጠርሙሱ ወደ መረብ ከረጢቱ ይገባል። አንድ ጠርሙስ፣ አምስት ደቂቃ። ባለ 200 ጠርሙሱን ጉድጓድ እናንተው አስሉት።

ከረጢቱ መረብ የሚሆነው ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ነው። ማዳበሪያ ጆንያ ከተጠቀማችሁ ውኃ ቋጥሮ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲቀደድ ደግሞ ሁሉንም መልሶ ይደፋዋል። ማዳበሪያው ከላይ ለደረቁ ነገር ይሁን። በአየር የሚነፋ ማንሻ ፊኛ ዋሻ ውስጥ በጣም በትንሹ ነው የሚሠራው፤ ካመለጠ ጣሪያ ላይ ይለጠፍና የደለል ዝናብ ያዘንባል።

የመኪና ባትሪና ድንጋይ ባትሪ በመረብ አይወጡም። ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ፣ እዚያው ታች ተከድነው ነው የሚወጡት። የታሸገ በርሜል ካገኛችሁ አትክፈቱ፣ አታጋድሙ፣ ለአደገኛ ቆሻሻ ሠራተኞች ተዉት። ፍሪጅ ዝጎ ሊፈርስ የተቃረበ ከሆነ ቁርጥራጩን ከመበተን እንዳለ መተው የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ለብዙ በጎ ፈቃደኛ የሚዋጥ አይደለም፣ ግን እውነት ነው። ጎርፍ ያመጣው እንጨትና ቅጠልም ቆሻሻ አይደለም፣ ዋሻ ውስጥ ፀሐይ ስለሌለ ለብዙዎቹ ምግቡ እሱ ነው።

እጅ የማይነካቸው

ቦንብ። ባልካን ከሁለት ትልልቅ ጦርነቶች በኋላ ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ጉድጓድ ውስጥ አላት። ካያችሁ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ፖሊስ ይጠራ፣ የዚያ ቀን ጽዳት አብቅቷል። የሰው አጥንት ካያችሁም እንዲሁ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተገደሉ ሰዎች የተጣሉባቸው ጉድጓዶች አሉና ይህ የፍርድ ቤትና የቤተሰብ ጉዳይ እንጂ የጽዳት አይደለም። አሮጌ ሸክላ ከሆነ ፎቶ አንሥታችሁ ባለበት ተዉት።

ላይ ያሉት

ከላይ ገመድ የሚጎትት፣ የሚመዝን፣ የሚለይና የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆም ሁሉ የራስ ቆብ ያድርግ፤ ታች ሰው እያለ ከላይ ጠጠር እንኳ አይንቀሳቀስ። የወጣው ቆሻሻ ሸራ ላይ ይዘርጋ፣ ጭማቂው ተመልሶ እንዳይወርድ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ሰማዩን ይይ። ደመና ከመጣ ግማሽ ከረጢት ቢቀርም ይወጣል።

ሲያልቅ በዚያው ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ አጥር ወይም ምልክት ይተከል። ውኃው ከወርና ከዓመት በኋላ ይመርመር። ኦልም በዝቶ ለማየት ግን አትጠብቁ፤ በ12 ዓመት አንዴ የሚወልድ እንስሳ ለፎቶ ብሎ አይቸኩልም።

ደግሞ ከከባድ ዝናብ በኋላ በምንጭ ዳር ስትሄዱ ጎርፍ ያወጣው ኦልም ሣር ላይ ልታገኙ ትችላላችሁ። አትያዙት፣ የቅርብ ወንዝ ውስጥም አትወርውሩት፤ ቤቱ እዚያ ላይሆን ይችላል። ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ አድርጉለት፣ ውሻውንና ልጆቹን አርቁ፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኞች ደውሉና እስኪመጡ አጠገቡ ቁሙ።