የምትወዱት ጊታር ትከሻ ሲያደክም፦ ይቆይ ወይስ ይሸጥ?

ከባድ ኤሌክትሪክ ጊታር “ይሸጥ” የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከረጅም ሰርግ ማግስት፣ ትከሻ ገና እየጠዘጠዘ ሳለ ነው። “አይሸጥም” የሚባለው ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ጊታሩ ጭን ላይ አርፎ ሲጫወቱት። ሁለቱም ሰዓት ለውሳኔ አይሆንም። መጀመሪያ መመዘን፣ ቀጥሎ አንጠለጣጠሉን ማስተካከል፣ ከዚያ ቆሞ መፈተን፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ዘሎ ወደ ሽያጭ ይሮጣል፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

መንጠቆ ያለው የሻንጣ ሚዛን ካላችሁ ጊታሩን በማንገቻው አልጋ በላይ አንጠልጥላችሁ መዝኑት፤ ቢወድቅ ፍራሽ ይቀበለዋል። ከሌላችሁ በሰው ሚዛን ላይ ጊታሩን አቅፋችሁ ውጡ፣ ከዚያ ባዶ እጃችሁን ውጡና ልዩነቱን ያዙ። የሰው ሚዛን በአንድና በሁለት መቶ ግራም ስለሚዋዥቅ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ መካከለኛውን ጻፉ።

ለማነጻጸር ያህል፦ የፌንደር ኩባንያ ሞዴሎች የሆኑት ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር በአብዛኛው ከ3.2 እስከ 3.8 ኪሎ ይመዝናሉ። የጊብሰን ኤስጂ 3 ኪሎ ገደማ ነው። የዚያው የጊብሰን ሌስ ፖል ከ4 እስከ 4.5 ኪሎ ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተሠሩት ውስጥ 5 ኪሎ የሚያልፉም አሉ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም ከአንድ ዓይነት ዛፍ የወጡ ሁለት ሳንቃዎች እንኳ ክብደታቸው ይራራቃል። ጊብሰን በ1980ዎቹ የሌስ ፖልን ገላ ከላይ ከተለጠፈው የሜፕል እንጨት ክዳን ስር መቦርቦር ስለጀመረ፣ በቅርብ ዓመታት የተሠራው ጊታር ከቆየው ሊቀል ይችላል።

ከ3.8 ኪሎ በታች ከሆነ ክብደቱን አትውቀሱ፤ ጥፋቱ የማንገቻው ነው ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ እስከ 4.5 ባለው መሃል ላይ የሚወስነው ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ ነው። ከ4.5 በላይ ሆኖ በአንድ ምሽት ከሁለት ሰዓት በላይ ቆማችሁ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያስታግሳል እንጂ አያድንም።

ማንገቻና ሚዛኑ

ከጊታር ጋር የሚመጣው ማንገቻ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ናይለን ነው። ያው ክብደት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ሲያርፍ በትከሻ ላይ የሚደርሰው ጫና እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ለከባድ ጊታር የሚሻለው ወፍራም ቆዳ ነው፤ ውስጡ ሻካራ ቢሆን ደግሞ አይንሸራተትም። ስፖንጅ የመሰለው ኒዮፕሪን ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለሚለጠጥ 4.5 ኪሎ ተንጠልጥሎበት ስትንቀሳቀሱ ጊታሩ ይዘላል፣ ቁመቱም በየደቂቃው ይለዋወጣል። በሁለቱም ትከሻ ላይ የሚውል ማንገቻም አለ። መልኩ ለመድረክ አያምርም የሚል ሰው አይጠፋም፤ አንድ ትከሻው ለታመመ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ቁመቱን እንዲህ ለኩ፦ ያለ መደገፊያ ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጊታሩን በምትጫወቱበት ቦታ ያዙት፣ ማንገቻውን እስኪወጠር አሳጥሩት፣ ከዚያ ቁሙ። ጊታሩ ከነበረበት ዝቅ ካለ አንድ ቀዳዳ አሳጥሩ። ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል ያምራል፤ ግን የግራ አንጓን ያጥፋል፣ ትከሻንም ወደፊት ይጎትታል።

አሁን ሚዛን የማይነግራችሁን ፈትኑ። ቆማችሁ ሁለቱንም እጅ ለቀቅ አድርጉ፤ የግራውን ለመያዝ ዝግጁ አድርጋችሁ ከአንገቱ በታች አቆዩት። አንገቱ ወደ መሬት ከወረደ፣ በተጫወታችሁ ቁጥር የግራ እጃችሁ አኮርድ ከመያዝ ሌላ ጊታሩንም ይሸከማል ማለት ነው። ኤስጂ በዚህ ይታወቃል፤ የማንገቻው ቁልፍ አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ስለሆነ ጭንቅላቱ ያጋድላል። በዚህ የተነሳ 3 ኪሎ የሚመዝን ኤስጂ ሚዛኑን ከጠበቀ 4.2 ኪሎ ሌስ ፖል የበለጠ ሊያደክም ይችላል። ለሚያጋድል ጊታር መፍትሔው ሻካራ ቆዳ ማንገቻና ጭንቅላቱ ላይ ቀለል ያሉ መቃኛዎች ናቸው። ገላውን ማቅለል ግን ያባብሰዋል።

ሳይረሳ፣ የማንገቻ ቁልፎቹን ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ። ከባድ ጊታር ማሆጋኒ እንጨቱ ውስጥ የገባችውን አጭር ቪቴ ቀስ በቀስ ያላላታል፤ አንድ ቀን መድረክ ላይ ተነቅላ ጊታሩ ይወድቃል። ቪቴውን በካቻቪቴ አውጡ፣ ሁለት ሦስት ስቴኪኒ በአናጢ ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳው ውስጥ አጭቁ፣ ትርፉን በምላጭ ቁረጡ፣ 24 ሰዓት ይድረቅ። ከዚያ ከቪቴው በቀጠነ መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥታችሁ ትንሽ የሚረዝም ቪቴ እሰሩበት። ሳትበሱ በጉልበት ካስገባችሁት እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ዕቃ በመቀየር ምን ያህል ይቀንሳል?

ከሚታሰበው ያነሰ። ክሮቹ ከኋላ የሚታሰሩበትን የዚንክ ቴይልፒስ በአሉሚኒየም መቀየር 50 ግራም ገደማ ይቀንሳል። ድፍን ሽፋን ያላቸውን ከባድ መቃኛዎች ክብደቱ ቀላል በሆነው የክሉሰን ዓይነት መተካት 100 ግራም ገደማ። ድምሩ 150 ግራም ቢሆን ከ4.5 ኪሎ ላይ ትከሻ የሚያውቀው ልዩነት አይደለም። ቢግስቢ (ድምፁን የሚያወዛውዝ ባለ እጀታ ቴይልፒስ) የተገጠመለት ከሆነ እሱን ማውረድ ከሁለቱም የበለጠ ያቀላል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ይቀራሉ።

ከገዛችሁም ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ጊብሰን ቴይልፒስ የሚቆምባቸው ብሎኖች ጥርሳቸው በኢንች የተቆረጠ ነው፤ የኢፒፎን (የጊብሰን እህት ብራንድ) ግን በአብዛኛው ሜትሪክ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉ ስለሚመስሉ ተገዶ የገባው ብሎን ጥርሱን ይበላል። መቃኛም እንዲሁ፦ ለከባዱ ዓይነት የተበሳው ቀዳዳ 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሹን ለማስገባት ማጥበቢያ ቀለበት ያስፈልጋል። የወጣውን ዕቃ ሁሉ ከነብሎኑ በላስቲክ አድርጋችሁ ኬዙ ውስጥ አስቀምጡ፤ ገዢ ይጠይቃችኋል።

ገላውን በትራፓኖ ልቦርቡረው የሚል ሐሳብ ከመጣ ተዉት። የሚወጣው እንጨት ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ የሚጠፋው ዋጋ ግን አይመለስም።

አንገቱ በአራት ቪቴ የታሰረ የፌንደር ዓይነት ጊታር ከሆነ ግን ሌላ በር አለ፦ ገላውን ብቻ መቀየር። ከባድ የአሽ እንጨት ገላ 2.5 ኪሎ ሲያልፍ፣ ቀለል ያለ የአልደር እንጨት ገላ ከ1.7 እስከ 1.9 ኪሎ ይገኛል። እጃችሁ የለመደው አንገት አይቀየርም፣ ፒካፖቹም (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት) እንደዚያው። የአንገት ማስገቢያው 56 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለኩ። ቪቴዎቹን ስትመልሱ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሩና በአሮጌው ጥርስ ውስጥ ሲገቡ ከተሰማችሁ በኋላ አጥብቁ። ከ1.5 ኪሎ በታች የሆነ ገላ አትግዙ፤ አንገቱ ማጋደል ይጀምራል። አሮጌውን ገላ አትሽጡ።

“ከባድ ጊታር ድምፁ ይረዝማል”

ይህ አባባል ብዙ ሰው ጀርባውን እያመመው ጊታር እንዲያቆይ አድርጓል። ከሌስ ፖል ሁሉ በውድ የሚፈለጉት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት፣ ቀለማቸው ወደ ዳር የሚጠቁረው ሰንበርስቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን 4 ኪሎ ገደማ እንጂ 5 ኪሎ አይደሉም። በራሳችሁ ጆሮ አረጋግጡ። ቀለል ያለ ተመሳሳይ ጊታር ተዋሱ፣ ሁለቱም ላይ ያው ቁጥር አዲስ ክር አስሩ። መጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭናችሁ የፒካፑን ርቀት አስተካክሉ፤ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት) ጋ 1.6፣ አንገቱ ጋ 2.4 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። አምፕሊፋየሩን ሳትነኩ አንድ ዓይነት ነገር ቅዱ፣ የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጉ፣ ሌላ ሰው አደባልቆ ያሰማችሁ። ከአስር አምስት ስድስቱን ብቻ ከለያችሁ እየገመታችሁ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ከለያችሁ፣ ያ ጊታር ለቀረጻ መቆየት አለበት።

አንድ ወር መፈተን

አዲሱን ማንገቻ ይዛችሁ አንድ ወር ተጫወቱ። ከእያንዳንዱ መድረክ በኋላ ስልካችሁ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ማንገቻውን ከቦታው ያንቀሳቀሳችሁበትን የመጀመሪያ ሰዓት፣ እና በማግስቱ ጠዋት ትከሻችሁ እንዴት እንደነበረ። ጠዋት የሚጠፋ ድካም ድካም ነው። ጣት ላይ መደንዘዝ፣ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ወይም ቀናት የሚቆይ የአንገት መገተር ካለ ግን ፈተናውን አቁማችሁ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂዱ። ያን ወር ላለመሸጥ ብቻ ብሎ መቋቋም ጅልነት ነው።

ከወሩ በኋላ ማንገቻውን የምታንቀሳቅሱበት ሰዓት እየራቀ ከመጣ ጊታሩ ይቆይ። ካልራቀ፣ ሁለተኛው መንገድ ሥራውን መለየት ነው፦ ከባዱ ለቤትና ለስቱዲዮ፣ ከ3.5 ኪሎ በታች የሆነ ሌላ ለመድረክ። ረጅም የሰርግ ምሽት ለሚጫወት ሰው የምንመርጠው ይህንን ነው። አቅም ካልፈቀደ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ግማሹን ምሽት መጫወትም ይቻላል።

መሸጥ ያለበት ያ ጊታር ወር እስከ ወር ከኬዙ ካልወጣና ገንዘቡ ለምትጫወቱት ጊታር ከዋለ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ተጸጽቶ መሰሉን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ መልሶ ሊያገኝ ይችላል፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ተተኪው እጅ ሳይገባ አይሽጥ።

ማስታወቂያው ላይ ክብደቱን በትክክል ጻፉ፤ ደብቃችሁ ብትሸጡት ይመለስባችኋል። ወደ ሌላ አገር የምትልኩ ከሆነ የእንጨቱን ዓይነት እወቁ፦ የብራዚል ሮዝዉድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም፤ ሌሎቹ ሮዝዉዶች የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆኑ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ነፃ ናቸው። ስታሽጉ ክሮቹን ትንሽ አላሉ፣ ከጭንቅላቱ በታችና በጎን ያለውን ክፍት ቦታ በጨርቅ ሙሉት። የጊብሰን ጭንቅላት ወደ ኋላ ስለሚያዘነብልና አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ማስተካከያ ቦታ እዚያው ጋ እንጨቱን ስለሚያሳሳው፣ ጊታሩ ኬዙ ውስጥ እያለ እንኳ ሲወድቅ በመጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ኬዙን ካርቶን ውስጥ ከከተታችሁ በኋላ ነቅንቁት፤ ውስጡ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም።