በውሃ ጥም የሚሞተውን ሰውዬ ንግግር አታስደርጉት

አጭር ልብወለድ የሚሞክሩ ልጆች ረቂቃቸውን ያስነብቡኛል። ከፍቅር ቀጥሎ የሚበዛው በረሃ ነው። መኪና ይበላሻል፣ ውሃ ያልቃል፣ ስልክ አይሠራም። ወይም አንዱ ሰሜን ተራሮች ላይ ጉም ውስጥ ይጠፋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ሰውን ብቻውን ሜዳ ላይ ጥሎ ምን እንደሚያደርግ ማየት ደህና መነሻ ነው። የሚያናድደኝ ከጣሉት በኋላ የሚያደርጉት ነው።

አንዱን ልናገርና ይውጣልኝ። በውሃ ጥም ሊሞት የደረሰው ገጸ ባሕርይ ንግግር ያደርጋል። ውሃ ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው። ፀሐይ አናቱን እየበሳችው ነው። እሱ ግን ተንበርክኮ ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት፣ ስለ ሀገር፣ ስለ እናቱ አንድ ገጽ ተኩል ይሰብካል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ በየትኛው ምላሱ? የጠማው ሰው መጀመሪያ ምራቁ ይወፍራል። ከዚያ ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል። ድምፁ ይሻክራል፣ ይቆራረጣል። ደረቅ ዳቦ ብትሰጡት እንኳ አይወርድለትም።

እ.ኤ.አ. በ1905 ክረምት ፓብሎ ቫሌንሲያ የሚባል ሰው ወርቅ ፍለጋ ወጥቶ አሪዞና በረሃ ውስጥ ጠፋ። የያዘው ውሃ አልቆበት፣ ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተገኘ። ያገኘው ማጊ የተባለ ሳይንቲስት ነው። እዚያው አካባቢ ሰፍሮ ነበር። በዓመቱ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ሊነጋጋ ሲል ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የእንስሳ የሚመስል ጩኸት ነበር። ጩኸቱ የፓብሎ ነው። ከንፈሩ ተቆርጦ የተወሰደ ያህል ጠፍቷል። ምላሱ ተኮማትሯል። እሾህና ድንጋይ እግሩንና ክንዱን ቀዷቸዋል፣ ደም ግን የለም። ቁስሎቹ ደረቅ ቆዳ ላይ የተጫረ መስመር ይመስሉ ነበር። ኃይለኛ ድምፅ ካልሆነ አይሰማም። ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ያለፈ አያይም። ደሙ መታየት የጀመረው ውሃ ካገኘ በኋላ ነው።

እስቲ የዚህን ሰው የመጨረሻ ንግግር ጻፉ። ቢበዛ ያቺን ጩኸት ነው የምትጽፉት። ለእኔ ከገጽ ተኩል ስብከት ይልቅ እሷ ታስፈራለች። «ታዲያ ሐሳቡን የት ላድርገው?» ይሉኛል። ቀደም አድርጉት! ኮዳው ግማሽ ሲደርስ፣ አሁን ልጠጣ ወይስ እስከ ማታ ልቆይ ሲል፣ ያኔ ያስብ። ይሄን የነገርኩት አንድ ልጅ ስብከቱን እንዳለ አንስቶ ወደ መጀመሪያው ቀን አዛወረው። አንድ ቃል አልቀነሰም። ግን አንድ ነገር ጨመረ። ሰውየው ለጓደኛው ስለ ሕይወት እያወራ፣ በወሬው መሀል ኮዳውን እያነሳ ይጎነጫል። ስብከቱ ሲያልቅ ውሃውም አልቋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ ደስ ይላል።

ቀጣዩ «ተፈጥሮ ተቆጣች» ነው። ነፋሱ ሊበቀለው መጣ፣ ተራራው ፊቱን አጠቆረበት፣ ፀሐይዋ ሳቀችበት። ለምን? ምን አድርጓት? ተራራው ሰውየው መኖሩንም አያውቅም። የሚያስፈራውም እሱ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ለንደን ይሄን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ወርቅ ፍለጋ ካናዳ ውስጥ ወዳለው ክሎንዳይክ ሄዶ በማግስቱ ዓመት በምግብ እጥረት ድዱ ታሞ ነው የተመለሰው። እሳት ስለሚያነድ ሰው የጻፈውን አጭር ልብወለድ ፈልጋችሁ አንብቡ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ሰውየው እግሩ ረጥቧል። እሳቱን በረዶ የተሸከመ ዛፍ ሥር ያነዳል፤ ጭራሮ በእጁ ቅርብ ስለሆነለት። አንድ ጭራሮ በነቀለ ቁጥር ዛፉ ትንሽ ይነቃነቃል። እኛም አይተን እናልፋለን። በመጨረሻ በረዶው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተናደ እሳቱ ላይ ይወርዳል። የተቆጣ የለም። ራሱ ነው ያወረደው። ደራሲው ምክንያቱን ዓይናችን ሥር አስቀምጦት ነበር።

ያው ደራሲ ይሄንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1902 ለልጆች መጽሔት ጽፎታል። እዚያ ሰውየው ይተርፋል። በ1908 እንደገና ሲጽፈው ሞተ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቡ። ጀግናችሁ ይተርፋል ወይስ ይሞታል ከማለታችሁ በፊት ብዙ ነገር ትማራላችሁ።

«የሰው እግር ያልረገጠው ምድር» የሚለው ደግሞ ሌላው ነው። ይሄን ስለ ሰሜን ተራሮች የሚጽፉ አሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ገብስ የሚታረስበት አገር እኮ ነው! ከፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ የተዛወሩት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ጀግናችሁ ጉም ውስጥ ሲጠፋ ምናልባት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ብርድ ልብሱን የተከናነበ እረኛ በጎች እየመለሰ ነው።

አፋር ላይ ሲሆን ይብሳል። ዳሎል አካባቢ ምድሩ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ግን እዚያም ሰው ጨው ይቆርጣል፣ ግመሉን ጭኖ ወደ በርሃሌ ይነዳል። አፋሮች ደግሞ ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፣ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ዝናብ የጣለበት፣ ከብት የጠፋበት፣ እንግዳ የታየበት ቦታ ሁሉ በዚህ ይሄዳል። ስለዚህ ቱታ የለበሰ የአዲስ አበባ ልጅ እዚያ ሳምንት ሙሉ ማንም ሳያየው ተንከራተተ ካላችሁኝ እንዴት ሆነ ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ደግሞ የተሻለ ታሪክ እጃችሁ ላይ ነው፦ ልጁ የጠፋሁ ይመስለዋል፣ አካባቢው በሙሉ ግን የት እንዳለ ያውቃል።

አውሬዎቹን በአጭሩ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ከቦ ሰው አይበላም። በቡድን ቢኖርም አደን የሚወጣው ለብቻው ነው፣ የሚያድነውም አይጥ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው፣ ስማቸውን አታጥፉባቸው። ጭላዳ ሣር ነው የሚግጠው፣ የሰው ሥጋ አያምረውም። የግመል ሻኛ ውስጥ ውሃ የለም፣ ስብ ነው። ሻኛ ቀድዶ የጠጣ ጀግና ያለው ረቂቅ አሁንም ይመጣልኛል።

ዕቃ ቁጠሩ። ስንት ክብሪት፣ ስንት ሊትር ውሃ፣ የትኛው ኪስ ውስጥ። ታላላቆቹም ተሰናክለውበታል። የዳንኤል ዴፎ ገጸ ባሕርይ ሮቢንሰን ክሩሶ ልብሱን አውልቆ ወደ መርከቡ ዋኘ ይለናል፣ ወዲያው ኪሱን በብስኩት ይሞላል። ሱሪውን እንዳላወለቀ የሚነግረን ቆይቶ ነው። ዊልያም ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ልብወለድ ደግሞ ልጆቹ በፒጊ መነጽር ከፀሐይ እሳት ያነዳሉ። ፒጊ ግን ሩቅ ማየት የሚያቅተው ልጅ ነው። የእሱ ዓይነት መነጽር ብርሃን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። ለእነሱ ይቅር ተብሏል። ለእናንተ አንባቢ እንደዚያ አይታገስም።

ራስ ደጀን ጥግ ላይ በግማሽ ሰዓት የባቄላ ንፍሮ አታብስሉ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ 87 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ቶሎ አያበስልም።

በመጨረሻ የመትረፊያው ግብዣ። ሰውየው ሦስት ሳምንት ቅጠል እየበላ ቆይቶ ይገኛል። እናቱ ታለቅሳለች፣ በግ ይታረዳል፣ ሳህን ሙሉ ጎረድ ጎረድ ይቀርብለታል። ተፈጸመ። እንዲህ አብልታችሁ ልትገድሉት ትችላላችሁ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው የማዕድን መጠን ይዛባል፣ ልቡ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 የናዚ ማጎሪያ ካምፕ የነበረው የቤርገን ቤልሰን እስረኞች ነጻ ሲወጡ ከዚያ በኋላ ከሞቱት መካከል ወታደሮች በደግነት የሰጡት ከባድ ምግብ የገደላቸው ነበሩ። ስለዚህ እናትየው ሳህኑን ይዛ ስትገባ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከእጇ ትቀበላት። ልጄን በረሃብ ልትፈጅው ነው ብላ እናትየው ትጩህ። ታሪኩን ከዚያ ጠብ ቀጥሉት።