ሉጅን ያለ በረዶ፣ በጎማ ላይ እንዴት መለማመድ ይቻላል?

ሉጅ ተወዳዳሪው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ በረዶ በተጋገረበት ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ በሰዓት እስከ 140 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት የሚወርድበት፣ ከ1964 እ.ኤ.አ. የኢንስብሩክ ጨዋታዎች ጀምሮ በክረምት ኦሎምፒክ የሚካሄድ ስፖርት ነው። በረዶ የለንም ብሎ መተው ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ሕንዳዊው ሺቫ ኬሻቫን በሂማላያ የመኪና መንገዶች ላይ ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ እየተለማመደ ከ1998 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በስድስት ኦሎምፒኮች ተሰልፏል። እኔም ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አለፍ ብሎ ባለ ቁልቁለት ላይ ሦስት በጋ ስለማመድ የተማርኩትን እዚህ አቀርባለሁ። በጋ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ስሙ የክረምት ስፖርት ቢሆንም፣ በእኛ ክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ መውረድ ፈጽሞ አይገባም።

በልጅነቱ የኩሽኔታ ጋሪ የሠራ ሰው መንሸራተቻውን ለመሥራት ብዙ አይቸገርም፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጣውላ፣ ከኋላ የማይነቃነቅ፣ ከፊት ደግሞ በአንድ ብሎን ላይ የሚዞር አግዳሚ እንጨት ይበቃል። ልዩነቱ ሁለት ነው። ኩሽኔታውን ይተዉትና የላስቲክ ጎማ ይግጠሙ፤ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የዕቃ መግፊያ ጋሪ የተፈታ ጎማ ይገኛል። ኩሽኔታ ይረክሳል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ብረቱ አስፋልት ላይ ስለሚንሸራተት ለመሪ አይታዘዝም፣ ትንሽ ጠጠር ሲያገኘውም ቀጥ ይላል። ከዚያም ከፊተኛው አግዳሚ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚወጡ፣ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ቀንዶች ያብጁ። በእውነተኛው መንሸራተቻ ላይ ይህን የመሪነት ሥራ የሚሠሩት በረዶው ላይ የሚሄዱት የመንሸራተቻው እግሮች ወደ ላይ ተቆልምመው የወጡ ጫፎች ናቸው፤ የተወዳዳሪው ባቶች ከውጭ በኩል ያቅፏቸዋል። አግዳሚው ሲለቀቅ ወደ መሃል እንዲመለስ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ጠፍር ከሁለቱም ወገን ይወጥሩት።

ቦታ ሲመርጡ ከመንገዱ ይልቅ ዳርና ዳሩን ይመርምሩ። በ2010 እ.ኤ.አ. የቫንኩቨር ጨዋታዎች በሚከፈቱበት ዕለት፣ ጆርጂያዊው ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ በልምምድ ላይ ሳለ ከቦዩ ተወርውሮ ከብረት ምሰሶ ጋር በመጋጨቱ ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ የመብራት ምሰሶ፣ ክፍት ቱቦ ወይም የድንጋይ ክምር ያለበትን ቁልቁለት፣ አስፋልቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይለፉት። ለመኪና ገና ያልተከፈተ መንገድ ይፈልጉ፣ ጥበቃዎቹን ያስፈቅዱ፣ ከታች አህያና በግ የሚነዱትን የሚያስቆም ሰው ያቁሙ። ፊትን በሙሉ የሚሸፍን የሞተር ሳይክል ሄልሜት ግዴታ ነው።

ከባዱ ነገር ተኝቶ መምራት ነው። ወደ ግራ ለመታጠፍ የቀኙን ቀንድ በቀኝ ባትዎ ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ የግራ ትከሻዎንም ወደ ጣውላው ይጫናሉ፤ ለቀኝ ደግሞ በተቃራኒው። ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ ሰውነት ግን ወደ ቀኝ ልሂድ ሲል ቀኝ እግሩን ማዘዝ ይቀናዋል። ይህን ልማድ ለመስበር እኔ ሁለት ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ በቆመ መንሸራተቻ ላይ ተኝቼ፣ ታናሽ ወንድሜ «ግራ»፣ «ቀኝ» እያለ ሲጠራ ብቻ ስለማመድ ቆይቻለሁ፤ እናንተም ይህን ባትዘሉት እመክራለሁ።

ከዚህም የሚከብደው ራስን ቀና አለማድረግ ነው። ተንጋለው ሲወርዱ ከጫማዎ ጫፍ በላይ ሰማዩን፣ በዓይንዎ ጥግ ደግሞ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ብቻ ያያሉ፤ አስፋልቱም ከጆሮዎ አንድ ስንዝር ርቆ ያፏጫል። መንገዱን የሚያነቡት በእነዚያ ሁለት የድንጋይ መስመሮች ነው፤ አንዱ መስመር ከሌላው ሰፍቶ ከታየዎ ወደዚያ ወገን አዘንብለዋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላምን ቀረሁና በመታጠፊያው ላይ ለማየት ራሴን አነሳሁ። አንገት ሲነሣ ሆድ ይኮማተራል፣ ሆድ ሲኮማተር እግር ይጠነክራል፤ የግራ ባቴ ሳላዘው ቀንዱን ገፋው፣ መንሸራተቻውም ወደ ቀኝ ጠርዝ ዞረ። ደንግጬ አንድ እግሬን ብቻ መሬት ላይ ጣልኩ፤ ያን ጊዜ ጣውላው ተሽከርክሮ ጣለኝና የእጄ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆየሁ።

የማቆሙም ትምህርት ከዚያው ውስጥ ይወጣል። እውነተኛው የሉጅ መንሸራተቻ ፍሬን የለውም፤ ተወዳዳሪው መድረሻውን ካለፈ በኋላ ተነሥቶ ተቀምጦ፣ እግሮቹን በረዶው ላይ አሳርፎ፣ ፊተኛውን ጫፍ ወደ ላይ በመሳብ ያቆመዋል። እኛ ጋ በጫማው ሶል ሥር በረባሶ የሚሠራበትን የመኪና ጎማ ማስለጠፍ ይበጃል። ሁለቱንም እግሮች በአንድ ጊዜ፣ በሙሉ ሶል ያሳርፉ፤ ተረከዝ ብቻውን መሬት ከያዘ ጉልበትን ያጥፋል።

በስልክ ሰዓት መለካት ግን አልወድም። በ1998 እ.ኤ.አ. በናጋኖ የሴቶች ውድድር ከአራት ቁልቁለት በኋላ ወርቁንና ብሩን የለየው 0.002 ሰከንድ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት ጣት አይይዘውም። ይልቁን ጓደኛዎ ከጎን ቪዲዮ ይቅረጽዎትና አገጭዎ ተነሥቶ እንደሆነ ይመልከቱ። በእውነተኛው ቦይም ጀማሪ የሚነሣው ከታችኛው መነሻ ነው፤ እርስዎም ከቁልቁለቱ ግርጌ ሃያ እርምጃ ብቻ ወጥተው ይጀምሩ፣ አምስት ጊዜ ተከታትለው ራስዎን ሳያነሡ ከወረዱ በኋላ አሥር እርምጃ ይጨምሩ።